የጠፋ የሙዚቃ ክምችትን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መልሶ ማግኘት

ለዓመታት ተሰብስቦ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ የሙዚቃ ክምችት አልከፈት ሲል፣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያደርገው የፋይል ማስመለሻ ሶፍትዌር አውርዶ ማስጀመር ነው። ይህ እርምጃ የሚሳካበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ ገና ሊድን ይችል የነበረን ሙዚቃ ለዘለቄታው የሚያጠፋበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። የትኛው እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወሰነው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት፣ የጠፋው በትክክል ምን እንደሆነ በመታወቁ ወይም ባለመታወቁ ነው።

የሙዚቃ ክምችት ለባለቤቱ አንድ ነገር ሆኖ ቢታየውም ለኮምፒውተሩ ግን በየራሳቸው ስፍራ የሚቀመጡ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በዲስኩ ላይ የተጻፈው የድምፅ ፋይል ነው፤ የዘፈኑ ርእስ፣ የዘፋኙ ስምና የአልበሙ መጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ፋይል ውስጥ፣ ታግ በሚባለው ክፍል ይካተታሉ። ሁለተኛው ፋይል ሲስተም የሚባለው መዝገብ ሲሆን፣ የትኛው ፋይል በምን ስም፣ በየትኛው ፎልደር ሥር፣ በየትኞቹ የዲስኩ ክፍሎች ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ይህ መዝገብ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሙዚቃውን የምናጫውትበት ፕሮግራም የራሱ የመረጃ ቋት ነው፤ ፕሌይሊስቶችን፣ ለዘፈኖች የተሰጡ ኮከቦችን፣ አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተደመጠና መቼ ወደ ክምችቱ እንደገባ ይይዛል። ይህ ቋት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኤክስተርናሉ ተለይቶ በኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ላይ ነው። ሦስቱ ተለያይተው ይጠፋሉ፣ ተለያይተውም ይመለሳሉ። አንዱ ሲጎድል ሁሉም የጠፋ ስለሚመስል፣ ጉዳቱ የደረሰው በየትኛው ላይ እንደሆነ መለየት የሥራው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙዚቃው ሳይጠፋ የጠፋ ሲመስል

አይቲዩንስና መሰል ፕሮግራሞች ዘፈኑን በመረጃ ቋታቸው ውስጥ አያስቀምጡም፤ የሚይዙት የፋይሉን አድራሻ ነው። በዊንዶውስ ይህ አድራሻ የሚጀምረው ለዲስኩ በተሰጠው ፊደል ነው። ሌላ ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ ቀድሞ በመሰካቱ ብቻ፣ ትናንት «ኢ» የሚል ፊደል የነበረው ኤክስተርናል ዛሬ «ኤፍ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ፋይሉን ሲያጣ፣ ለማጫወት ከተሞከረው ዘፈን አጠገብ የቃለ አጋኖ ምልክት ያሳያል። በማክ ደግሞ አድራሻው የሚመሠረተው በዲስኩ ስም ላይ ስለሆነ፣ ስሙ ሲለወጥ ወይም ሲስተሙ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር ጨምሮ ሲከፍተው ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። መፍትሔው ለዲስኩ የቀድሞ ፊደሉን ወይም ስሙን መመለስ ብቻ ነው፤ በዊንዶውስ ይህ የሚደረገው ከሲስተሙ ጋር አብሮ በሚመጣው የዲስክ ማስተዳደሪያ መስኮት ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ዘፈኖቹን ሁሉ ከፕሮግራሙ ሰርዞ እንደ አዲስ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ድምፁ ቢመለስም ፕሌይሊስቱ፣ ኮከቦቹና የመደመጥ ታሪኩ በዚያው ይቀራሉ።

በማክ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ ሊያነበው ስለማይችል ከመጠቀም በፊት ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል። መዝገቡ የተበላሸበት ዲስክም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳል። በሁለቱም ሁኔታ መልሱ ፎርማቱን እምቢ የሚለውን «ካንስል» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ መውጣት ነው። ጥያቄው የቀረበበት አኳኋን ሌላ ምርጫ የሌለ ስለሚያስመስለው ብዙ ክምችት የጠፋው በዚህች አንዲት ቅጽበት ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ካለው ምክር ሁሉ አንድ ብቻ የሚይዝ ሰው ይህንን ቢይዝ እመርጣለሁ።

የኬብልና የኤሌክትሪክ ጉዳይም አለ። ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዩኤስቢው ሲሆን፣ የመደበኛ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እስከ 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። በቂ ኃይል ያላገኘ ዲስክ ይነሳና ይጠፋል፣ አልፎ አልፎም የተበላሸ የሚያስመስል ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ሌላ ኬብል መሞከር፣ ዲስኩን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጥቶ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት፣ ባለ 3.5 ኢንች ከሆነም የራሱን የኤሌክትሪክ አስማሚ መፈተሽ ተገቢ ነው። እንዲሁም ከኤክስተርናል የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ የተደበቀ የቆሻሻ መጣያ ፎልደር በመሆኑ፣ ማንኛውም ሶፍትዌር ከመውረዱ በፊት መጣያው ይታይ።

ዲስኩ ራሱ ታሞ ከሆነ

ከላይ ያሉት ሁሉ ካልሆኑ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የተጎዳው ዲስኩ ነው ወይስ መዝገቡ ብቻ የሚለው ነው። ዲስኩ ሲነሳ ተደጋጋሚ የቀጭታ ድምፅ ካሰማ፣ ለመሽከርከር ሞክሮ ካቆመ፣ አንድን ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀ ወይም በሥራ መሀል ከተሰወረ ጉዳቱ የአካል ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስማርት የሚባለው የዲስኩ የራስ ምርመራ መዝገብም ይረዳል፤ ሴክተር የሚባለው የዲስኩ ትንሹ የመረጃ መጻፊያ ክፍል ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ ውስጥ በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችና ለመነበብ አስቸግረው በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች ቁጥር ከፍ ብሎ ከታየ ዲስኩ እየደከመ ነው። በዊንዶውስ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን መዝገብ ያሳያል፤ አንዳንድ የኤክስተርናል ሳጥኖች ግን መረጃውን ስለማያሳልፉ ምንም አለመታየቱ ጤንነትን አያረጋግጥም።

የቀጭታ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያውኑ መነቀል አለበት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ሄድ የሚባለው ጥቃቅን ክፍል፣ ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ተንሳፍፎ ይሠራል። ይህ ክፍል ተጎድቶ ገጹን ከነካ፣ እያንዳንዷ ተጨማሪ ደቂቃ ሙዚቃው የተጻፈበትን ንጣፍ እየፋቀች ልታልፍ ትችላለች፤ በዚህ ሁኔታ ላይ የሚሮጥ የማስመለሻ ሶፍትዌር ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ስለሚያስገድደው ጉዳቱን ያፋጥናል። ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ በስፋት የሚነገር ምክር ነው፤ ሆኖም ሲወጣ በውስጡ የሚጤዘው እርጥበት ተጨማሪ ጥፋት ከማምጣት ሌላ የሚጠቅምበት ምክንያት የለም። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ከሌላ ተመሳሳይ ሞዴል ነቅሎ መተካትም በዘመናዊ ዲስኮች ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ለዚያ ዲስክ ብቻ የተስተካከሉ መረጃዎች በሰሌዳው ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለሚገኙ ቺፗ አብራ መዛወር ይኖርባታል። ሳጥኑን ከፍቶ ዲስኩን ብቻ አውጥቶ በሌላ ማገናኛ ማንበብ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ሆኖም ከሳጥኖቹ አንዳንዶቹ መረጃውን ራሳቸው በምስጢር ቁልፍ እየቀየሩ ስለሚጽፉ፣ ከሳጥኑ የወጣው ዲስክ ትርጉም የሌለው ነገር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የሄድ ጉዳት የሚጠገነው አቧራ በተጣራበት ክፍል፣ ተስማሚ መለዋወጫ ባላቸው ባለሙያዎች እጅ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ዲስኩ የሚሽከረከርና የሚነበብ ሆኖ እዚህም እዚያም የሚያስቸግሩ ሴክተሮች ካሉት ግን ሥራው በቤት ሊሠራ ይችላል፤ መሠረቱም ኢሜጅ የሚባለውን ሙሉ ቅጂ ማውጣት ነው። ኢሜጅ ማለት ፋይሎችን አንድ በአንድ መገልበጥ ሳይሆን፣ ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር ነው። ለዚህ የሚመረጠው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለው በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ብልህነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ያድናል፣ የሚያስቸግረውን እየዘለለ በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል፣ ዲስኩ ቢዝል እንኳ አብዛኛው ሙዚቃ አስቀድሞ ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ አስቸጋሪዎቹ ይመለሳል። ሥራው ቢቋረጥ በካርታው እየተመራ ካቆመበት ይቀጥላል። ተቀባዩ ዲስክ ከተጎዳው እኩል ወይም የበለጠ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ምንጭና መድረሻን አገላብጦ መጻፍ ደግሞ ባዶውን ዲስክ በሙዚቃው ላይ ስለሚገለብጥ፣ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም ስሞች በመጠናቸው ተለይተው ይረጋገጡ። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ቢያነብ 1 ቴራባይት ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የታመመ ዲስክ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ያም ያልተለመደ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። የዊንዶውስ ቼክዲስክ እና የማክ ፈርስት ኤይድ የመዝገብ መጠገኛዎች በመሆናቸው በዋናው ዲስክ ላይ መጀመር የለባቸውም፤ ዓላማቸው መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ስለሆነ፣ ያልተስማማውን ፋይል ከመዝገቡ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ።

የተሰረዘ ወይም ፎርማት የተደረገ ሙዚቃ

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ የጠፋው መዝገቡ ብቻ ከሆነ ተስፋው ሰፊ ነው። ፋይል ሲሰረዝ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ድምፁ አይፋቅም፤ የሚለወጠው ቦታው ነፃ ነው የሚለው የመዝገቡ ማስታወሻ ነው። ቀሪው በፋይል ሲስተሙ ዓይነት ይወሰናል። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ዓይነት የተሰናዳ ዲስክ ላይ የፋይሉ ስምና የቦታው ዝርዝር ሌላ ፋይል እስኪተካበት ድረስ ስለሚቆይ፣ ዘፈኑ ከነስሙና ከነፎልደሩ ሊመለስ ይችላል። በፋት32 የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይተካል፣ የፋይሉን ክፍሎች የሚያያይዘው ሰንሰለትም ይጠፋል፤ መነሻው ቢታወቅም ቀጣዩ ክፍል በግምት ነው የሚገኘው። ኤክስፋት በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ፋይሉ ሳይከፋፈል በተከታታይ ቦታ ላይ ከተጻፈ በጥሩ ሁኔታ ይመለሳል።

የፎርማት ጉዳይ በዓይነቱ ይለያያል። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ መዝገብ ጽፎ ያቆማል፤ ድምፁ ከሥሩ እንዳለ ነው። ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ስለሚሞላ ከእሱ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ኤክስተርናሉ ሃርድ ዲስክ መሆኑ ቀርቶ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው ኤስኤስዲ ከሆነም ሁኔታው ይከብዳል፤ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ከደረሰው ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ በራሱ ጊዜ ባዶ ያደርጋል። ትእዛዙ በዩኤስቢ በኩል ማለፉ በሳጥኑ ማገናኛ ላይ የሚወሰን ስለሆነ፣ ተስፋ ሳይቆረጥ ፈጥኖ መንቀል ያስፈልጋል።

ለሁሉም የሚሠራው ደንብ ዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አለመጻፍ ነው። ይህ ሲባል አዲስ ፋይል አለመገልበጥ ብቻ አይደለም፤ ዊንዶውስም ሆነ ማክ ዲስክ እንደተሰካ የራሳቸውን የፍለጋ ማውጫና የሲስተም ፎልደር ይጽፉበታል፣ የሙዚቃ ፕሮግራሞችም የአልበም ሽፋን ወይም የተሻሻለ ታግ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የማስመለሻ ሶፍትዌሩ በዚያው ዲስክ ላይ አይጫን፤ የተገኘውም ፋይል በዚያው ላይ አይቀመጥ።

መፈለጊያው በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው የመዝገቡን ፍርስራሽ አንብቦ ስምና ፎልደርን ጨምሮ መመለስ ሲሆን፣ ቴስትዲስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፓርቲሽን የሚባለውን የጠፋ የዲስክ ክፍልፋይ በማግኘትና የተሰረዙ ፋይሎችን በመገልበጥ ይህን ያደርጋል። ሁልጊዜ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ሁለተኛው መዝገቡን ከነጭራሹ ትቶ፣ የእያንዳንዱን የፋይል ዓይነት መለያ ምልክት እየፈለገ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ማበጠር ነው፤ የቴስትዲስክ ወንድም የሆነው ፎቶሬክ ስሙ ስለ ፎቶ ቢመስልም ሙዚቃንም በዚህ መንገድ ያወጣል። የዚህኛው ዋጋ ስም መጥፋቱ ነው፤ የተገኙት ሺዎች ፋይሎች በቁጥር ተሰይመው፣ ያለ አልበምና ያለ ፎልደር ይደረደራሉ። በዲስኩ ላይ ተበታትኖ የተጻፈ ፋይልም በዚህ መንገድ በሙሉ አይገኝም። ደግነቱ፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀዳ የአራት ደቂቃ ኤምፒስሪ እንኳ 10 ሜጋባይት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ዘፈኖች እንደ ፊልም ፋይሎች የመበታተን ዕድላቸው ሰፊ አይደለም።

የድምፅ ቅርጾች ጉዳትን የሚሸከሙት በየራሳቸው መንገድ ነው። ኤምፒስሪ እያንዳንዳቸው 1152 የድምፅ ናሙናዎችን በያዙ፣ በተለመደው የሲዲ የናሙና ፍጥነት 26 ሚሊሰከንድ ያህል በሚረዝሙ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ መሀሉ ቢጎድል ለአፍታ ይቆረጥና ይቀጥላል። የኤምፎርኤ ፋይል የድምፁን አቀማመጥ የሚገልጽ ዝርዝር በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ላይ ስላለው፣ ያ ዝርዝር ከጠፋ የቀረው ድምፅ ሙሉ ቢሆንም አልጫወት ይላል። ፍላክ በመነሻው ላይ የዋናውን ድምፅ የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የፍላክ ፕሮግራም በመሞከሪያ ትእዛዝ ፋይሉን ፈትቶ፣ ከመጀመሪያው ጋር ምንም ልዩነት እንደሌለው በእርግጠኝነት ሊነግረን ይችላል። ኤምፒስሪ ላይ ይህን ያህል እርግጠኝነት አይገኝም፤ በታግ ወይም በአሮጌው የመረጃ ቋት ላይ የተጻፈው ርዝመት ከተገኘው ርዝመት ጋር ሲመሳከር ግን የተቆረጡት ይለያሉ።

ስምና ቅደም ተከተልን መመለስ

በቁጥር የተሰየሙ ሺዎች ፋይሎችን የሚያይ ሰው ልቡ ቢሰበር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ስሙ የጠፋው ከመዝገቡ ነው፣ ከፋይሉ ውስጥ አይደለም። የኤምፒስሪ ታግ ሁለት ትውልድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው የመጀመሪያው፣ በፋይሉ መጨረሻ ላይ 128 ባይት ብቻ ይዞ ለርእሱ 30 ፊደል የሚፈቅድ ነው፤ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ ስምን በአግባቡ አይዝም። በ1998 የተከተለው ሁለተኛው በመነሻው ላይ የሚቀመጥና በዩኒኮድ የሚጽፍ በመሆኑ የማንኛውንም ቋንቋ ስም ይሸከማል። የሙዚቃ ማደራጃ ፕሮግራሞች ታጉን አንብበው ፋይሎቹን በዘፋኝና በአልበም ፎልደር መልሰው ያስቀምጧቸዋል፤ ያልተነካ ታግ ያለው ክምችት በዚህ መንገድ በአንድ ምሽት ሊደራጅ ይችላል።

ታግ ለሌላቸው ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ድምፁን ሰምቶ አሻራ ያወጣና አኩስትአይዲ ከተባለው የጋራ ቋት ጋር ያመሳክራል። ቋቱ ሰዎች በፈቃዳቸው ያስገቡትን ብቻ ስለሚያውቅ፣ በስፋት ያልተሰራጨ ቅጂ፣ የቤት ውስጥ ቀረጻ ወይም የድግስ ላይ ሙዚቃ አይገኝበትም። አንድ ዘፈን በዋናውም በስብስብ አልበምም ሲኖር የተሳሳተውን ሊመርጥ ስለሚችልም፣ ስም ለመቀየር ከመፈቀዱ በፊት የፋይሎቹ ቅጂ ይቀመጥ።

ብዙዎች የማያስቡት ውድ ምንጭ በኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ላይ የቀረው የመረጃ ቋት ነው። አይቲዩንስ የክምችቱን የቆዩ ቅጂዎች በራሱ ፎልደር ውስጥ ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ አለው፤ ከዚህም ሌላ በኤክስኤምኤል የተጻፈ ዝርዝር ከተገኘ፣ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ሊነበብ ይችላል። በውስጡም የእያንዳንዱ ዘፈን ርእስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ የቀድሞ አድራሻ፣ መጠንና ርዝመት በሚሊሰከንድ ይገኛል። ይህ ማለት ስሙ የጠፋ ፋይል ርዝመቱ ብቻ ተለክቶ ከዝርዝሩ ጋር ሊዛመድ ይችላል ማለት ነው። አድራሻዎቹ ስላሉም ፋይሎቹ በቀድሞ ፎልደራቸውና ስማቸው ከተመለሱ ፕሌይሊስቶቹ ሳይነኩ እንደገና ይሠራሉ። ያልተመለሰውም ቢሆን ቢያንስ ምን እንደጎደለ በስም ይታወቃል።

የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ዲስኩ ብቸኛው ምንጭ ላይሆን ይችላል። ከመደብር የተገዛ ዘፈን ብዙ ጊዜ በዚያው አካውንት እንደገና ይወርዳል። ሲዲ እንደገና ሊቀዳ ይችላል። አሮጌ አይፖድ ሙዚቃውን በተደበቀ ፎልደር ውስጥ በአራት ፊደል ስሞች ቢያስቀምጠውም ታጎቹ ስላልተነኩ ሙሉ ክምችት ሊወጣበት ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን አይፖዱ ከአዲስ ክምችት ጋር በራሱ እንዳይመሳሰል ከመሰካቱ በፊት ምርጫው ይዘጋ፣ አለዚያ ባዶው ክምችት የቀረውን ቅጂ ይተካዋል። የማስመለሻ ባለሙያ ዘንድ የሚወጣው ገንዘብም መመዘን ያለበት በዚህ ዝርዝር ነው። እንደገና ሊወርድ ለሚችል አልበም ያን ያህል መክፈል አይገባም፤ የአንድ ሰው ድምፅ ብቸኛ ቅጂ ያለበት ቀረጻ ግን በሌላ መንገድ አይገኝም፣ ባለሙያውም ዘንድ ሲኬድ በቅድሚያ የሚፈለጉት የትኞቹ ፎልደሮች እንደሆኑ ተጽፎ ይሰጥ።

ሥራው ተጠናቆ ክምችቱ በአዲስ ዲስክ ላይ ሲደራጅ ሁለተኛ ቅጂው በሌላ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ሁለት ዲስኮችን ያለማቋረጥ የሚያመሳስል ፕሮግራም ባክአፕ ሆኖ አያገለግልም፤ ከአንዱ የተሰረዘውን ከሌላውም ይሰርዛልና። የመጀመሪያው ዲስክና ከእሱ የወጣው ኢሜጅ ወዲያው ለሌላ አገልግሎት መዋል የለባቸውም። የተቆረጠ ወይም የተዛባ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሲደመጥ ስለሆነ፣ ቢያንስ የማይተኩት ቀረጻዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስኪደመጡ ድረስ ሁለቱም ሳይነኩ ይቆዩ።